በምን ቋንቋ?

ልጆቼ፣ ይህን ለመጻፍ የተነሳሁት ባለፈው ሳምንት ሳቢያን፣ እኛ ሰፈር፣ ሻይ ስንጠጣ አንድ ልጅ በጠየቀኝ ጥያቄ ነው። ኮምፒውተር ይጠግናል፤ ጎበዝ ነው። በመሥሪያ ቤታቸው የቴሌግራም ግሩፕ ላይ በአንድ ባልደረባው አማርኛ ቀልዷል። ሰው ሁሉ ሳቀ። ባልደረባው ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ግሩፑ ላይ አንዲት ቃል አልጻፈም። «ቀልድ ነው እኮ ጋሼ! አቦ፣ በዚህ ሰው ይከሰሳል እንዴ?» አለኝ።

እኔን ያሳሰበኝ ክሱ አይደለም። የጥላቻ ንግግር አዋጅ አለ፤ ቁጥር 1185/2012። እስራትም የገንዘብ ቅጣትም አለው። የእሱ ቀልድ እዚያ የሚደርስ አይመስለኝም። ግን ሻዬን ሳልጨርስ ተነሳሁ።

ዘመኑ 1974 ነው። እዚሁ ድሬዳዋ፣ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ኤሌክትሪሺያን ነበርኩ። የ24 ዓመት ልጅ፣ ከመሀል አገር የመጣ፣ ምላሱ የፈጠነ። አብሮን አንድ ሶማሌ ባለሙያ ይሠራ ነበር። ስሙን አልጽፍም፤ ልጆቹ በከተማው አሉ። የተቃጠለ ሞተር ፈትቶ ሽቦውን እንደ አዲስ ሲጠመጥም ቆመን እናየው ነበር። ዙሩን በሶማሊኛ ይቆጥራል። ከመጋዘን ሠራተኛው ጋር በኦሮምኛ ይጨቃጨቃል። ከባቡር ሰዎች የለቀማት ፈረንሳይኛ የድሮ ማሽን ጽሑፍ ታስነብበዋለች። ዓረብኛም ያውቃል። አማርኛ አምስተኛው ነበር። እኔ አማርኛና ገበያ የማታሻግር ኦሮምኛ ይዤ ነው እንግዲህ የሳቅኩበት።

ያኔ በየሳምንቱ የውይይት ክበብ ነበር። የቆርቆሮ አዳራሽ፣ ከሰዓት በኋላ፣ የድሬ ሙቀት። ያለው ቬንትሌተር አንድ ነው፤ እሱም ወደ ካድሬው የዞረ። ተራው ደረሰና ተነሳ። «ጓድ ሊቀመንበር እንዳለችው» ብሎ ጀመረ። እኔ ከኋላ ሆኜ «ኧረ ሊቀመንበሩን ዳርካቸው!» አልኩ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ከዚያ ባንድ ጊዜ ጸጥ አለ። ካድሬው አልሳቀም። ደብተሩን ገልጦ ጻፈ።

የሶማሊያ ጦር ድሬዳዋን ሊይዝ የመጣው በነሐሴ 1969 ነው። ገና 5 ዓመት አልሞላውም። በዚያ ሰሞን ሶማሌ ሆኖ በሊቀመንበሩ ስም ላይ መሳሳት ምን እንደሚያመጣ አላሰብኩም ነበር። ውሸቴን ነው፤ ትንሽ አስቤያለሁ። ሳቁ ጣፍጦኝ ነው።

በማግስቱ ጠሩት። 2 ቀን አልመጣም። በ3ኛው ቀን መጣ፣ ቱታውን ለበሰ፣ ሥራውን ቀጠለ። «ምን አሉህ?» ብዬ አልጠየቅኩትም። ፈራሁ። ከዚያ በኋላ ከአማርኛ የቀረችው ቃል «እሺ» ብቻ ሆነች።

ጥቂት ወራት ቆይቶ አንድ የፓምፕ ሞተር ገጠምኩ። ታርጋው ላይ 220/380 ይላል። የሞተር ሽቦ የሚታሰረው በሁለት መንገድ ነው፤ በዴልታ ለ220 ቮልት፣ በስታር ለ380። የእኛ መስመር 380 ስለሆነ መታሰር ያለበት በስታር ነው። እኔ ችኩሉ በዴልታ አሰርኩት። እሱ አጠገቤ ነበር። ሽቦዎቹን አየ፣ እኔን አየኝ፣ ሄደ። ሞተሩ ብዙም ሳይቆይ ጨሰ። ያን የተቃጠለ የቫርኒሽ ሽታ የሚያውቅ ያውቀዋል። እየሮጥኩ ሄጄ «አይተኸው ነበር?» አልኩት።

«አየሁ።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«በምን ቋንቋ?» አለኝ።

ሞተሩን መልሶ የጠመጠመው ራሱ ነው።

እናንተ ልጆች አፋችሁ እረፍት የለውም። ምሳ ሳይደርስ አምስት ሰው ትሰድባላችሁ። እኛ እንዲህ አልነበርንም ልል ነበር፤ ከላይ የጻፍኩትን አንብቤ ተውኩት። ዝም በሉም አልላችሁም። እኛ ዝም ብለን ምን እንደሆንን አይተናል። አሁን ስልኩ ኦሮምኛውንም ሶማሊኛውንም ይተረጉምላችኋል። ድሮ ድሬ ላይ ይህን የሚሠራው ሰፈሩ ነበር። ጨርቅ ልትገዛ መጋላ የወረደች ሴት በሦስት ቋንቋ ተከራክራ ትመለሳለች፤ ሰዋስው የሚቆጥርባት የለም። ባለቤቴ የሐረር ልጅ ናት። መጀመሪያ ቤተሰቦቿ ጋ ስሄድ ሆጃ አቀረቡልኝ፤ በወተት የፈላ፣ ጨው ያለው። ሻይ መስሎኝ ስኳር ጠየቅኩ። እናቷ ምንም ሳይሉ ስኳሩን አምጥተው አስቀመጡልኝ። ይህን ስኳር ለምን አሁን እንዳስታወስኩት እንጃ።

በሐምሌ 1998 የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከተማችንን ሲመታ ያኔ የምኖርበት ቤት ጭቃ ገባው። ስንት ሰው ያለቀበት ሌሊት ነው፤ እኛ በዕቃ ተረፍን። ያ ሶማሌ ባልደረባዬ ጡረታ ወጥቶ መጋላ ትንሽ የጥገና ሱቅ ከፍቶ ነበር። ጭቃ የጠጣ ቬንትሌተሬን ተሸክሜ ሄድኩ። ሌላም ጠጋኝ ነበር፤ ሆን ብዬ ነው። ሲፈታው ቆሜ ይቅርታ ጠየቅኩት። ከ24 ዓመት በኋላ። ቀና አላለም። እንዲህ ያለኝ ቆይቶ ነው፤ አንድም ስህተት በሌለበት አማርኛ፦ «አንተ ብቻህን አልነበርክም። ያኔ አዳራሹ ሙሉ ነበር። እዚያ ብትለው ጥሩ ነበር።» ገንዘብ አልቀበልም አለኝ።

ለልጁ ይህን ሁሉ ነገርኩት። አሰበና «እሺ፣ በውስጥ መስመር ይቅርታ ልጠይቀው?» አለኝ። ግሩፑ ላይ ቀልደህ በውስጥ መስመር አይሆንም አልኩት። «ጋሼ፣ ግሩፑ ላይ እኮ 140 ሰው አለ!»

እኔ አዳራሹ ውስጥ ስንት ሰው እንደነበረ አልቆጠርኩም። ብዙዎቹ ሞተዋል፤ የቀሩት ጂቡቲም አዲስ አበባም ተበትነዋል። አዳራሹ ራሱ አሁን የሲሚንቶ መጋዘን ነው።