ፋሲልን ከሎጎው ላይ አውርዱልኝ

ጎንደር ላይ ከፒያሳ ተነስታችሁ እስከ አዘዞ ታፔላ እያነበባችሁ ውረዱ። ሆቴሉ ፋሲል ግንብ አለው። መድኃኒት ቤቱም አለው። መለዋወጫ ሱቁ፣ የመንጃ ፈቃድ ማሠልጠኛው፣ የውበት ሳሎኑ፣ ሁሉም ያችኑ የግንብ ጥላ ለጥፈዋል። ግማሹ ከአንድ ፋይል የተቀዳ ስለሆነ አንደኛው ማማ ላይ ያለችው መንጋደድ እንኳን ከታፔላ ታፔላ አትለወጥም። እኔ ብሩሽና ስቴንስል ይዤ ታፔላ ከምጽፍበት ዘመን ጀምሮ በዚሁ ሙያ እንጀራ የበላሁ ሰው ነኝ። አሁን እንደ እናንተው ኮምፒውተር ላይ ተጎልቼ ነው የምውለው። ልጆች ይመጡና «ጋሼ፣ ከባህላችን የተነሳ ዲዛይን መሥራት እንፈልጋለን፤ ከየት እንጀምር?» ይሉኛል። ጥያቄው ደስ ይለኛል፤ መልሱ ግን በአንድ ስኒ ቡና የሚያልቅ አይደለም። ስለዚህ ቁጭ ብዬ ልጻፍላችሁ አልኩ።

መጀመሪያ ግንቡን ለጊዜው ተዉት። ግንቡ ምን አጠፋ? ምንም። ከአጼ ፋሲል ዘመን፣ ከ1628 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ እዚያው ቆሟል፤ በ1972 ዓ.ም. ዩኔስኮ መዝግቦታል፤ የኛ ሎጎ አይጨምርለትም አይቀንስበትም። ግን ሰው ሎጎ የሚያሠራው ከጎረቤቱ ለመለየት ነው። ጎረቤቱም፣ የጎረቤቱ ጎረቤትም ያንኑ ከለጠፈ ገንዘብ የተከፈለው ለምኑ ነው?

ግድ ከሆነ ደግሞ ጠጋ ብላችሁ እዩት። ሰው ሁሉ ከሩቅ ያለውን ቅርጽ ብቻ ነው የሚያየው። እናንተ መስኮቱ ሥር ቁሙ። ግድግዳው ጠቆር ያለ ሻካራ ድንጋይ ነው፤ የመስኮቱና የበሩ ቅስት ዙሪያ ግን በቀላ ያለ ድንጋይ ተከፍፏል። ጠዋት ፀሐይ ስታርፍበትና ዝናብ ሲመታው ያ ቀይ አንድ አይደለም፤ ሲርስ ወደ ወይን ጠጅ ይጠጋል። ቁስቋም ወጥታችሁ የእቴጌ ምንትዋብን ቤተ መንግሥት ፍርስራሽ ብታዩ ደግሞ በዚያው ቀላ ያለ ድንጋይ የተቀረጹ መስቀሎች ታገኛላችሁ። እንግዲህ አንድ የቀለም ምርጫ ተገኘ ማለት ነው፤ ጥቁር ቡናማና ያ ቀይ። አንድም ግንብ ሳትሥሉ ጎንደርን የሚያስታውስ ፖስተር በእነዚህ ሁለት ቀለሞች ብቻ መሥራት ትችላላችሁ። አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ካልጨመርኩ ኢትዮጵያዊ አይመስልም የምትሉትን ነገር ደግሞ ተዉኝማ።

ከዚያ እዚያው ጎንደር ያለው ደብረ ብርሃን ሥላሴ ቤተ ክርስቲያን ግቡ። እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ምክንያቱም እኔ ምንም ዓይነት የዲዛይን ትምህርት ቤት ያላስተማረኝን ነገር ያስተማረኝ ያ ጣሪያ ነው። ጣሪያው በአግዳሚ እንጨቶች ተከፋፍሎ በየመካከሉ የመላእክት ፊት በረድፍ በረድፍ ተደርድሯል። ክንፍ፣ ፊት፣ ክንፍ፣ ፊት። ከታች ሆናችሁ ቶሎ ካያችሁት አንድ ፊት በማኅተም የተደጋገመ ነው የሚመስለው። አንገታችሁ እስኪያማችሁ ብታዩት ግን ገጽታቸው ይለያያል። አንዱ ያዘነ ይመስላል፣ አንዱ ፈገግ ሊል የደረሰ፣ አንዱ አንድ ነገር የሰማ። ሠዓሊው መልኩን፣ ትልልቁን ዓይን፣ የቅንድቡን መስመር አንድ አድርጎ ይዞ እጁን ትንሽ ትንሽ ለቀቅ አድርጎታል። ለዚህ ነው ጣሪያው ሕይወት ያለው። እኛ ፓተርን፣ ማለትም ተደጋጋሚ ንድፍ፣ ስንሠራ አንዷን ሥለን ኮፒ ፔስት፣ ኮፒ ፔስት፣ አለቀ። አንዷን የኮምፒውተር ሥዕል አሥር ቦታ አድርጋችሁ በእጅ ብታለያዩአት ጊዜ ይወስዳል። ልዩነቱን ግን ደንበኛው ምን እንደሆነ ሳያውቅ ያየዋል።

እዚያው ግድግዳው ላይ ሌላም አለ። በኛ አሣሣል ጻድቁ ፊት ለፊት ይሣላል፣ ሁለት ዓይኑ ይታያል። ክፉው በጎን ነው፣ አንድ ዓይኑ ብቻ ነው የሚታየው። ማንበብ የማይችል ገበሬ ከበሩ ገብቶ በአንድ እይታ ማን ማን እንደሆነ ይለያል። እናንተ አንድ ማስታወቂያ ላይ አምስት ዓይነት ፎንትና ሦስት ቃለ አጋኖ ጭናችሁ የማትገልጹትን ነገር ያ ሠዓሊ በዓይን ብዛት ገልጾታል። ከቅርስ መማር ስል ይህንን ነው የምለው፤ ሠዓሊው ምን ቸገረው፣ በምን ፈታው?

አንዳንዶቻችሁ «ንጹሕ የኛ የሆነውን» ብቻ ስትፈልጉ አያለሁ። ታሪኩ እንደሱ ቀጥ ያለ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1590 እና 91 ሮም ላይ በዐረብኛ የታተመ፣ የእንጨት ቅርጽ ሥዕሎች ያሉት ወንጌል ነበር። መጽሐፉ እዚህ ደረሰና የጎንደር ሠዓሊዎች ሥዕሎቹን እየተመለከቱ ሣሉ። ግን ምን አደረጉ? የፈረንጁን የጥላ ጭረት አራግፈው በደማቅና በዝርግ ቀለም ሞሉት፤ ዓይኑንና ፊቱን ወደ ራሳቸው አመጡት። ሮም ያለችው የሳንታ ማሪያ ማጆሬ የእመቤታችን ሥዕልም እንዲሁ ነች። ቅጂዋን የካቶሊክ ሚሲዮናውያኑ ኢየሱሳውያን አመጧት። አጼ ፋሲል በ1620ዎቹ ዓ.ም. ሰዎቹን ከአገር አስወጣቸው፤ ሥዕሏ ግን ቀረች፤ ዛሬ የኛ ካልሆነች የማን ናት? በኋላ በምንትዋብ ዘመን ደግሞ ሠዓሊዎቹ ጥላውን መልሰው አመጡት፤ ፊቱ ላይ ብርሃንና ጨለማ ገባ፣ ከበስተጀርባ ቀለሙ ከአንዱ ወደ ሌላው እየቀለጠ መሄድ ጀመረ። ግሬዲየንት የምትወዱ ልጆች፣ እንኳን ደስ አላችሁ፣ የሥጋ ዘመድ አላችሁ።

ስለ ምንትዋብ ካነሳሁ አይቀር ናርጋ ሥላሴን ሳልጠቅስ አላልፍም። ጣና ላይ፣ ደቅ ደሴት አጠገብ ነው። እዚያ እቴጌይቱ በእመቤታችን እግር ሥር ተደፍታ ተሥላለች። አሠሪዋ እሷ ናት፤ ሥዕሉ ውስጥ አለች፤ ግን ታች ናት። «ሎጎዬን አተልቅልኝ» የሚል ደንበኛ ሲያስቸግራችሁ ይህንን አሳዩት። እኔ ሞክሬዋለሁ፣ አንዳንዴ ይሠራል።

ወደ ብራናው ልለፍ። ሥዕሉን ሁሉም ሰው ያያል፤ ገጹን ግን እንደ ዲዛይነር የሚያየው ጥቂት ነው። ዕድል ቀንቷችሁ አንድ አሮጌ መጽሐፍ ከተገለጠላችሁ ጠርዙን አስተውሉ። በወስፌ የተወጉ ጥቃቅን ቀዳዳዎች አሉ። ከቀዳዳ ቀዳዳ ደግሞ ቀለም የሌለው መስመር ተጭሯል፤ ገጹን ወደ ብርሃን ሰያፍ ስታደርጉት ነው የሚታያችሁ። ጽሕፈቱ በሁለት ዓምድ፣ ትልልቁ መጽሐፍ ላይ በሦስት ይሄዳል። የታችኛው ኅዳግ ከላይኛው ይሰፋል። አያችሁ? ግሪድ ነው፤ ገጹን የሚከፋፍል የመስመር መረብ። ፕሮግራሙን ከፍታችሁ የምትዘረጉትን ግሪድ ጸሐፊው በወስፌ ዘርግቶታል። የተለቀቀው ባዶ ቦታ ደግሞ ብራና ተርፎት አይደለም፤ ለአንድ መጽሐፍ ስንት ፍየል እንደሚታረድ አስቡት። ውድ ዕቃ ላይ ባዶ ቦታ መተው ድፍረት ይጠይቃል። እኛ በርካሽ ወረቀት ላይ አንዲት ጣት የምታህል ባዶ ቦታ ካየን ስልክ ቁጥር እንወሽቅባታለን።

ቀዩንም እዩት። የኛ ፊደል ካፒታል የለውም። ጸሐፊው ማጉላት ሲፈልግ፣ የእመቤታችን ስም ወይም የቅዱሳን ስም ሲደርስ፣ ቀይ ብርዑን ያነሳል። ሌላ ምንም አይለውጥም። መጠኑም ቅርጹም ያው ነው። ከዚህ ተነስታችሁ የራሳችሁን ሥራ መርምሩ፤ ግዕዝ ፊደልን በግድ የምታጋድሙት ለምንድነው? ፎንቱ የራሱ ዘመም ከሌለው ፕሮግራሙ ዝም ብሎ ገፍቶ ነው የሚያንጋድደው፤ «መ» እና «ሠ» የሰከሩ ይመስላሉ። ለማድመቅ ቀለም አለላችሁ፣ ክብደት አለላችሁ። በመስመርና በመስመር መካከልም ሰፋ አድርጉ፤ ፊደላችን አብዛኛው ቁመቱ ሙሉ ስለሆነ እንደ ላቲኑ ካጨናነቃችሁት ገጹ ይጠቁራል።

ሰፌድና ጥልፍ ላይ ብዙ አልልም፤ ምክንያቱም ባለሙያዎቹ በሕይወት አሉ፣ ሄዳችሁ ጠይቋቸው። እናቶቻችሁን ጭምር። አንዲት እናት መሶብ ስትሰፋ ንድፍ የምትለው ወረቀት የላትም፤ ከመሐል ጀምራ ዙሩ በሰፋ ቁጥር ስንት ጥልፍ እንደምትጨምር እየቆጠረች ነው። ወለቃ ሄዳችሁ ሸክላውን እዩት። ደግሞ ከሰው እጅ የወሰዳችሁትን ንድፍ ለገንዘብ ስታውሉት ባለቤቱን ጥሩ፣ ስሙን ጻፉ፣ ከክፍያውም አካፍሉ። ሕግ ላስተምራችሁ አይደለም፤ ነውር ስለሆነ ነው። የሌላ ሰው ፎቶ ከኢንተርኔት አውርዶ ባነር ላይ መለጠፍ ግን በሕግም ያስጠይቃል። የቅጂ መብት አዋጅ 410/1996 አለ፤ አንብቡት።

አንድ ሥራ ላሳያችሁ። የማር ነጋዴ መጣ፤ ለብርጭቆ ማሰሮው ሌብል ፈለገ። ምን ይሁንልህ ስለው እንደምትገምቱት «ግንቡ ይግባበት» አለ። እኔ ደግሞ «ንብ ያዳነችው ቤተ ክርስቲያን አጠገብህ እያለ?» አልኩት። ታውቁታላችሁ፤ በ1880 ዓ.ም. የሱዳን ደርቡሽ የጎንደርን አብያተ ክርስቲያናት ሲያቃጥል ደብረ ብርሃን ሥላሴን የንብ መንጋ ወጥቶ አስጣለው ይባላል። ንቦችን በረድፍ ደረደርኩ፣ ልክ እንደዚያ ጣሪያ። መልካቸው አንድ፤ አንዷ ክንፏን ሰብሰብ፣ አንዷ ዘርጋ፣ አንዷ ዞር ያለች። መደቡ ዝርግ ቢጫ፣ ጥላ የለውም። የድርጅቱ ስም ብቻ በቀይ። ከታች ሰፊ ባዶ ቦታ። መልአክም መስቀልም የለበትም። ሰውየው አየው፣ አየውና «ይሄ እኮ የሥላሴን ነገር ይመስላል» አለ። አልነገርኩትም ነበር። በዚያው ትንፋሽ «ግንቡስ?» አለ፤ ክዳኑ ላይ በትንሹ አደረግኩለት፤ እሱም ደንበኛ ነው።

መልአክ ለምን እንዳልሣልኩ ለሚጠይቅ፣ መልሱ ቀላል ነው። ያ ፊት ሰው የሚጸልይበት ነው። ማሰሮው ነገ ባዶ ሆኖ ቆሻሻ ላይ ይጣላል። ጠልሰምም፣ ክታብ ላይ የሚሣለው፣ እንደዚሁ ነው፤ ዓይኖቹ ያምራሉ፣ ቲሸርት ላይ ይሸጣሉ፤ ግን ለበሽተኛ ተብሎ የተጻፈ ነገር መሆኑን አትርሱ። ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን ከጠልሰም ተነስቶ ትልቅ ሥራ ሠርቷል፤ ሥራዎቹን ፈልጋችሁ ብታዩ ሰውየው ቀድቶ እንዳልለጠፈ ይገባችኋል። ገብቶበት፣ አፍርሶት፣ የራሱን ዓለም ሠርቶበታል።

ፒንተረስትን፣ ያን የምስል መፈለጊያ ድረ ገጽ፣ አልከለክላችሁም፤ እኔም እገባለሁ። ነገር ግን «ኢትዮጵያዊ ፓተርን» ብላችሁ ስትፈልጉ ግማሹ የምዕራብ አፍሪካ ጨርቅ ነው የሚመጣው። ኤአይ ደግሞ ፊደል የሚመስል ግን ማንም የማያነበው ነገር ይሠራላችኋል፤ ይህንን ባነር ላይ ታትሞ በዓይኔ አይቻለሁ፤ ማተሚያ ቤቱም አላስተዋለም፣ ባለቤቱም አላስተዋለም፣ አንድ የስድስት ዓመት ልጅ ነው «ይሄ ምን ይላል?» ያለው። ስለዚህ በእግራችሁ ሂዱ። እርሳስና ደብተር ያዙ። ፎቶ ስታነሱ ዓይናችሁ ይሰንፋል፤ ስትሥሉት ግን ክንፉ አንገቱ ጋ እንዴት እንደሚገናኝ ማወቅ ግድ ይሆንባችኋል። ቤተ ክርስቲያን ስትገቡ አስፈቅዱ፣ ጫማ አውልቁ፣ ፍላሽ በፍጹም አታብሩ፤ ሥዕሉ ግድግዳ ላይ በተለጠፈ ጨርቅ ላይ ያለ የዘመናት ቀለም ነው።

እዚህ የምታጡት ነገርም አለ። የአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎች እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1932 በፈረንሳዩ በማርሴል ግሪዮል ቡድን ተነቅለው ሄደዋል፤ በምትካቸው ቅጂ ተተከለ። ዋናዎቹ ፓሪስ፣ ኬ ብራንሊ ሙዚየም ናቸው። ከመቅደላ በ1860 ዓ.ም. የተዘረፉት ብራናዎች፣ አብዛኞቹ አጼ ቴዎድሮስ ከጎንደር አድባራት የሰበሰቧቸው፣ ለንደን ናቸው። የዚህን ብስጭት ለሌላ ቀን እናቆየው። ምስላቸውን ካገኛችሁ ግን አጥኑት፤ የናንተ ከተማ ሥራ ነው።

ከዚህ በላይ ከጻፍኩ ዛሬ የምትሠሩትን ታሳድራላችሁ። የሠራችሁትን ማሳየት የምትፈልጉ አምጡት፤ ግን በስልክ አይደለም። አትማችሁ ኑ፣ ኤ3 ላይ፤ ዓይኔ እንደ ድሮው አይደለም፣ ቀይ እርሳሴ ግን አሁንም አለች።