የአያቶቻችን እምነቶች ሳይዋዋጡ አብረው እንዴት ይቁሙ? ጥያቄና መልስ ከጅማ

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው ስለ አገር በቀል እምነቶች ህብረት የፈለጋችሁትን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፣ ካሰብኩት በላይ መጣ። የሚመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ ነው የምመልሰው። ለማታውቁኝ፣ በአባቴ በኩል ቤተሰባችን ዋቄፈታ ነው፣ የኦሮሞ አገር በቀል እምነት የሆነው ዋቄፈና ተከታይ ማለት ነው፣ የእናቴ እናት ደግሞ ከቦንጋ የመጡ ካፋ ናቸው፣ ስለዚህ ጉዳዩ ለኔ ያደኩበት ቤት ጉዳይ ነው።

ጥያቄ፣ ከአጋሮ፦ ጋሼ፣ "ፓጋን" ሲባል እኛንም ይጨምራል እንዴ?

መልስ፦ ወንድሜ ቃሉ የኛ አይደለም። በላቲን ፓጋኑስ ማለት የገጠር ሰው ማለት ነበር፣ በኋላ ክርስትና ከተማውን ሲይዝ በድሮው እምነት የቀረውን ሁሉ በዚህ ስም ጠሩት። እኛ ጋርም "አረማዊ" የሚለው እንደዛው ሌላ ሰው የለጠፈው ስም ነው። አውሮፓና አሜሪካ ያሉት ፓጋን የሚለውን ራሳቸው አንስተው መጠሪያ አድርገውታል፣ መብታቸው ነው። እዚህ ግን እኔ የምለው ሁሉም በስሙ ይጠራ፣ ዋቄፈናው ዋቄፈና፣ የሀድያው ፋንዳኖ ፋንዳኖ። "ባዕድ አምልኮ" የሚለውማ በጣም ነው የሚያመኝ፣ አያቴ የሚጸልዩበት ዛፍ እሳቸው ሳይወለዱ እዛው የነበረ ዛፍ ነው፣ ባዕድነቱ ምኑ ላይ ነው?

ጥያቄ፣ ከሄርማታ፦ ሁሉም ያው አንድ ፈጣሪ አይደል እንዴ የሚሉት፣ ለምን በአንድ እምነት አይጠቃለሉም?

መልስ፦ የሚመሳሰል ነገር አለ፣ አልክድም። ኦሮሞው ዋቃ ይላል፣ ኮንሶም ዋቃ ይላል፣ ሀድያ ዋኣ፣ ሲዳማና ጌዴኦ ማጋኖ። ግን ካፋ ስትሄድ ነገሩ ሌላ መልክ አለው፣ የሰማዩ አምላክ ዬሮ አለ፣ በየቀኑ ኑሮ ውስጥ የሚገባው ግን ኤቆ የሚባለው መንፈስ ነው፣ ኤቆ የሚያድርበት ሰው አላሞ ይባላል፣ ሰው ችግሩን ይዞ እሱ ጋ ነው የሚሄደው። ይሄን ቃሉ ከሚባለው የኦሮሞ የእምነት አባት ጋር ያው ነው ብለህ ብታልፈው ሁለቱንም አላወቅካቸውም ማለት ነው።

እኛ አብረን የምንሰበሰበው የየእምነቱ ተከታዮችም በዚሁ ተሳስተን እናውቃለን። የዛሬ ሁለት ዓመት ገደማ ተሰብስበን ሁሉም የሚለው አንድ የጋራ ጸሎት እንጻፍ ተባለ፣ እኔም ከጻፉት አንዱ ነኝ፣ ማንም እንዳይከፋው ብለን የፈጣሪን ስሞች በሙሉ አወጣናቸውና "ኃያሉ" ምናምን የሚል ወረቀት ሆኖ ቀረ። ሲነበብ አንድ የካፋ አባት ዝም ብለው ሰሙ፣ ቡናቸውንም ሳይጨርሱ ተነስተው ሄዱ፣ ከዛ ሶስት ወር አልመጡም። ቤታቸው ሄደን ስንጠይቃቸው ስሙን ስታወጡት እኔንም አብራችሁ አወጣችሁኝ ነው ያሉን። ወረቀቱን ቀደድነው። ከዛ ወዲህ ማንም የማንንም ጸሎት አያርምም፣ ይቺን ደንብ ማንም እንዲነካብኝ አልፈልግም።

ጥያቄ፣ ከፎፋ፦ እኛ የም ህዝቦች ጥቂት ነን። ህብረት ሲባል ትልቁ ትንሹን የሚውጥበት ነገር ነው የሚመስለኝ።

መልስ፦ እህቴ ስጋትሽ ልክ ነው፣ እንዲያውም ከሁሉም ጥያቄ ያንቺ ነው የከበደኝ። በ1999ኙ የህዝብ ቆጠራ ባህላዊ እምነት ተከታይ ተብሎ የተመዘገበው በአገር ደረጃ ከመቶ ሶስት አይሞላም፣ በሰው ቁጥር ድምጽ ይሰጥ ቢባል ደግሞ ብዙ ሰው ያለው እምነት ትንሹን ይውጠዋል። ስለዚህ እኛ ጋ አንድ እምነት አንድ ድምጽ ነው፣ ሁለት ሰው የመጣበትም ሃምሳ የመጣበትም እኩል። እናንተ በጥቅምት 17 ቦር ተራራ ላይ መድኃኒት ልትለቅሙ ስትወጡ ያ ቀን ሳሞ ኤታ ነው የሚባለው፣ ማንም መጥቶ "የአገር በቀል እምነቶች ቀን" ብሎ ሊቀይርባችሁ አይገባም። እኔ ዋቄፈታ ሆኜ ነው ይሄን የምለው፣ የኢሬቻ ሳር ይዤ እናንተ ተራራ ላይ ብወጣ እንግዳ ነኝ፣ እንግዳ ደግሞ ሲጋበዝ ነው የሚመጣው።

ጥያቄ፣ ከሊሙ፦ ሌላ አገር ይሄን የሞከረ አለ?

መልስ፦ አለ። አሜሪካ ውስጥ በ1975 እ.ኤ.አ. የጥንቆላ እምነት የሚከተሉ ትንንሽ ቡድኖች የእንስት አምላክ ቃል ኪዳን የሚባል ህብረት መሰረቱ፣ ህጋዊ እውቅናውን በጋራ ይይዛሉ፣ አምልኮው ላይ ግን እያንዳንዱ ቡድን ለራሱ ነው፣ ህብረቱ እንዲህ አምልኩ አይልም። በ1998 ደግሞ ቪልኒየስ ሊቱዌኒያ ላይ የየብሄሩ የድሮ እምነት ተከታዮች ተሰብስበው ጉባኤ አቋቋሙ፣ ሊቱዌኒያውያኑ በሮሙቫ እምነታቸው ሌላውም በየራሱ። የአይስላንዶቹ ደግሞ በ1973 መንግስታቸው ተቀብሎ መዝግቧቸዋል።

ግን ፈረንጅ ጋ ብቻ ለምን እንሄዳለን፣ እኛው ጋ ነበር እኮ። ድሮ ከዚህ ከጊቤ ምድር ጅላ የሚባሉት ተጓዦች በእግራቸው ወደ ደቡብ የኦሮሞ ትልቁ የእምነት አባት ወደሆኑት አባ ሙዳ ጋ ይሄዱ ነበር፣ ተቀብተው ተመርቀው ይመለሳሉ። ከየአገሩ የመጣ እዛ ይገናኛል፣ ሲመለስ ግን በየቀዬው የራሱ ቃሉና ገልማ የሚባለው የራሱ የአምልኮ ቤት አለው። ሰው አብሮ ሲጓዝ እኮ ነው የሚተዋወቀው።

ጥያቄ፣ ብዙ ሰው የጠየቀው፦ እምነቱ አንድ ካልሆነ ታዲያ ምኑ ነው ህብረቱ?

መልስ፦ እድር ታውቃላችሁ አይደል? ጅማ ውስጥ እኔ ያለሁበት እድር ሙስሊም አለ፣ ኦርቶዶክስ አለ፣ ጴንጤ አለ፣ ድንኳኑ አንድ ነው ብረት ድስቱ አንድ ነው፣ ለቅሶ ቤት ወጡ ሁሉም እንዲበላው በጾም ይሰራል፣ ከዛ ሁሉም በራሱ መንገድ ይጸልያል። እንዴት ታምናለህ ብሎ የጠየቀኝ ሰው የለም፣ መዋጮህን ከፈልክ ወይ ነው የሚሉት። የኛም ህብረት እንደዛ ነው መሆን ያለበት፣ በስራ።

ስራው ደግሞ ሞልቷል። የመጀመሪያው መቃብር ነው። አጎቴ የሞተ ጊዜ እሳቸው ዕድሜ ልካቸውን ዋቄፈታ ነበሩ፣ በከተማ የምናውቀው መቃብር ግን ወይ የቤተክርስቲያን ነው ወይ የሙስሊም፣ አስከሬን ቤት አስቀምጠን ሙሉ ቀን ስንለማመጥ ዋልን፣ መጨረሻ ላይ ገጠር ዘመድ መሬት ላይ ነው የቀበርናቸው፣ እድርተኛው እስከዛ መምጣት አልቻለም። በኋላ ሳወራ የካፋውም የሀድያውም ቤተሰብ ላይ ያው ደርሷል። ይሄን ለማስተካከል ዋቃ ይበልጣል ኤቆ ይበልጣል የሚል ክርክር አያስፈልግም፣ አብሮ ፈርሞ አንድ ቦታ መጠየቅ ነው። ህገ መንግስቱ አንቀጽ 27 አማኞች ተቋም ማቋቋም ይችላሉ ይላል፣ የኛ ነገር ግን አባቶች ቃል ላይ ስለሆነ ያለው ለቢሮ የሚሆን ወረቀት የለንም፣ በየተራ ለየብቻ ከመንከራተት ጸሐፊ የሆነ ልጅ ይዘን አብረን እንሂድ። ሌላው ዛፍና ውሃ ነው። አወይቱ ወንዝን ዛሬ ያየ ሰው እጁን ለመታጠብ እንኳን ይጸየፋል፣ ኢሬቻ ደግሞ ያለ ንጹህ ውሃ ምንድነው? ካፋና ሸካ ላይ ጫካው እስካሁን የቆየው አንዱ ምክንያት አባቶች አይቆረጥም ያሉት ቦታ ስላለ ነው፣ ያንን ለመጠበቅ ካፋ ብቻውን ለምን ይጮሃል።

ጥያቄ፦ የእንስሳ እርድ ላይ የማይስማማ ሰውስ?

መልስ፦ የጋራ ስብሰባ ላይ አይታረድም፣ ቡናና ቆሎ ነው። በየቤቱ ያለው የየቤቱ ነው።

ጥያቄ፣ ከሰቃ፦ እኔ ሙስሊም ነኝ። ግን አያቴ ቡና ቀላ ሲሰሩ፣ ቡናውን ከነገለፈቱ በቅቤ ሲያበስሉና ሲመርቁ ነው ያደኩት፣ ሽታውም አይረሳኝም። መጥቼ ብቀመጥ ሃይማኖቴን ካድኩ ማለት ነው?

መልስ፦ ልጄ፣ ስለ ሃይማኖትሽ ሼኾቹን ጠይቂ፣ እኔ በሱ ላይ መናገር አልችልም፣ አልፈልግምም። በኛ በኩል ግን ማንም ፈርሚ፣ ተመለሺ አይልሽም። የአያትሽን ምርቃት የምታስታውሺው ካለ ጻፊልን፣ እሳቸው በህይወት ካሉ ደግሞ ዛሬውኑ ሂጂና በስልክሽ ቅጂው፣ ምክንያቱም የምርቃቱን ቃል የሚያውቁ እናቶች በየዓመቱ እያለቁብን ነው፣ ይሄን ስጽፍ እንኳን ሆዴ ይባባል።

ጥያቄ፦ በኢንተርኔት ታሮት ካርድ መጠንቆል ተምሬ ነበር፣ እኔም ልግባ?

መልስ፦ ና ተቀመጥ፣ ስማ፣ አትቸኩል። መጀመሪያ ግን ቤትህ ውስጥ ትልቅ ሰው ካለ አያቶችህ ምን ያደርጉ እንደነበር ጠይቅ።

ጥያቄ፦ ቅዳሜ ስንገናኝ ማን ነው የሚመርቀው? ባለፈው ጭቅጭቅ ነበር።

መልስ፦ በዕድሜ ነው። ከሚመጡት ትልቋ የየም እናት ናቸው፣ በየምኛ ይጀምራሉ፣ አስተርጓሚ አይቆምም፣ የገባንም ያልገባንም አሜን እንላለን። ከዛ የካፋው አባት በካፊኖኖ፣ እኔ ሶስተኛ ነኝ። ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ነው፣ ስኒ ስለሚያንሰን ሁላችሁም አንድ አንድ ይዛችሁ ኑ።