ሳይቀበሩ የቀሩትን እንዴት እናስብ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወቅት ከደረሱኝ ደብዳቤዎች የሚበዙት በጦርነት የሞቱና ደብዛቸው የጠፋ ሰዎችን የሚመለከቱ ናቸው። ጥቅምት 25 ቀን 2013 የተጀመረው የሰሜኑ ጦርነት በጥቅምት 23 ቀን 2015ቱ የፕሪቶሪያ ስምምነት ቢቆምም፣ መርዶ ሳይነገራቸው እስከ ዛሬ በር በር የሚያዩ ወላጆች ብዙ ናቸው። የምመልሰው በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ሥርዓት ያደግሁ ምእመን ሆኜ ነው። በእያንዳንዱ ቤት ጉዳይ የመጨረሻውን ምክር የሚሰጡት የነፍስ አባታችሁ ናቸው።

«ልጄ በ2014 ወደ ግንባር ሄዶ አልተመለሰም። ወረቀትም አስከሬንም አልመጣም። አብረውት የነበሩ ሁለት ልጆች ተመትቶ ሲወድቅ አይተናል አሉኝ። ጎረቤቶቼ ተዝካሩን አውጪ ይሉኛል። እኔ ግን ተዝካር ካወጣሁ ልጄን በእጄ የገደልሁት ይመስለኛል።» (አንዲት እናት፣ ከደሴ)

እናቴ፣ ማንም ሊያጣድፍዎት አይገባም። ጎረቤቶችዎ ይህን የሚሉት እርስዎን ለማሳረፍ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ነገር ግን የእናት ልብ በሌላ ሰው ቀጠሮ አያርፍም። ቍርጡ እስኪታወቅ ድረስ የልጅዎን የክርስትና ስም ለቄሱ ይስጡና በቅዳሴ ይታሰብ። ቤተ ክርስቲያን በጸሎቷ በመንገድ ስላሉትም በሞት ስላንቀላፉትም ትለምናለች። እርስዎ ስሙን ይጥሩ፤ ከሁለቱ በየትኛው እንዳለ ጌታ ያውቃል።

ጎን ለጎን መጠየቅዎን አያቋርጡ። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበር በጦርነት የተለያዩ ቤተሰቦችን የማፈላለግ አገልግሎት አለው፤ ቅርንጫፍ ጽሕፈት ቤቱ ሄደው ስሙን ያስመዝግቡ። ይህን ማድረግ እምነት ማጣት አይደለም።

አንድ ቀን የምስክሮቹ ቃል በልብዎ እውነት ሆኖ ከተቀመጠ ደግሞ፣ አስከሬን የለም ተብሎ ፍትሐት አይቀርም። በሩቅ አገር፣ በባሕርና በበረሃ ለቀሩ ብዙዎች በስማቸው ብቻ ጸሎት ተደርጓል። ዮሐንስ በራእዩ ባሕር በውስጡ ያሉትን ሙታን እንደሚሰጥ ጽፏል፤ የግንባሩ ተራራና ገደልም እንዲሁ ይሰጣል። ምናልባት ልጁ በሕይወት ቢመጣ በስሙ የተደረገው ጸሎት አይጎዳውም፤ በስሙ የበላው ድኻም ይመርቀዋል እንጂ አይረግመውም። ስለዚህ «በእጄ ገደልሁት» የሚለውን ሐሳብ ከራስዎ ያርቁ።

በሁለተኛ ሳሙኤል ምዕራፍ 21 ያለችውን ሪጽፋን ያስቧት። ልጆቿ ተሰቅለው ያለ መቃብር ሲቀሩ ማቋን በዓለት ላይ ዘርግታ፣ ከመከር መጀመሪያ ዝናብ እስኪዘንብ ድረስ ቀን ወፎችን ሌሊት አራዊትን እየከለከለች ጠበቀቻቸው። ምንም አልተናገረችም፤ ዳዊት ግን ያደረገችውን ሰማና የሳኦልንና የዮናታንን ዐፅም ከነዚያ ልጆች ዐፅም ጋር አሰብስቦ አስቀበረ። መጽሐፉ «ከዚያም በኋላ እግዚአብሔር ስለ አገሪቱ የተለመነውን ሰማ» ይላል። አንዲት ለቅሶኛ እናት አንድን ንጉሥ ሙታንን እንዲያከብር አደረገችው። የእርስዎም መጠበቅ በእግዚአብሔር ፊት ከንቱ አይደለም።

«በጸሎቴ የራሴን የወንድም ልጅ አስባለሁ። በዚያው ቀን በዚያው ሜዳ ከወዲያኛው ወገን የሞተውንም ልጅ ባስብ ኃጢአት ይሆንብኛል? ቤተሰቤ ተቆጥቶኛል።» (አንድ አባት፣ ከጎንደር)

አባቴ፣ ኃጢአት አይሆንብዎትም፤ ከደረሱኝ ደብዳቤዎች ሁሉ ልቤን የነካው የእርስዎ ነው። ሳኦል ዳዊትን ሊገድለው በየዋሻው ያሳደደው ሰው ነበር። በጊልቦዓ ተራራ መሞቱ ሲነገረው ግን ዳዊት ልብሱን ቀደደ፣ እስከ ማታ ጾመ፣ ለሳኦልና ለዮናታን አንድ ሙሾ አወጣላቸው። የጠላቱን ስም ከወዳጁ ስም አልለየም።

እኛም ይህን የሚመስል ታሪክ አለን። የካቲት 12 ቀን 1929 በአዲስ አበባ፣ በዚያው ዓመት ግንቦት ደግሞ በደብረ ሊባኖስ ገዳም በፋሺስት ኢጣሊያ እጅ የፈሰሰው ደም ገና ሳይረሳ፣ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሚያዝያ 27 ቀን 1933 አዲስ አበባ ሲገቡ ሕዝቡን ክፉን በክፉ እንዳይመልስ አሳስበዋል። ያን ቃል የሰሙት ወገኖቻቸውን የቀበሩ፣ አንዳንዶቹም የሚቀብሩት ያጡ ሰዎች ነበሩ። ዛሬ በወንድማማቾች መካከል በሆነው ጦርነት ያን ማሰብ የበለጠ ሊከብደን አይገባም ነበር፤ ከብዶናል። ተዝካር ላይ ተቀምጠን ቂም የምንቆጥር ከሆነ፣ ለሟቹ ነፍስ ምሕረት በለመንንበት አፋችን የሌላውን ነፍስ መኮነናችን ነው።

ቤተሰብዎን ግን አይገሥጹ። ቁስላቸው ትኩስ ነው። የሌላኛውን ልጅ ስም ለጊዜው በልብዎ ይጥሩ።

«ወታደር ነበርኩ። ሰው ገድያለሁ። ጓደኞቼን ሳስብ ለእኔ የሚሆን ተስፋ ያለ አይመስለኝም።» (ስሜ ይቆይ ያሉ)

ወንድሜ፣ በ4ኛው መቶ ዓመት የነበረው ቅዱስ ባስልዮስ ዘቂሳርያ በጦርነት የሚደረግ መግደልን አባቶች እንደ ነፍስ ግድያ እንዳልቆጠሩት ጽፎ፣ እጃቸው ንጹሕ አይደለምና ሦስት ዓመት ከቍርባን ቢቆጠቡ መልካም ነው ብሏል። ይህን የጠቀስሁልህ ሦስት ዓመት እንድትቆጥር አይደለም። ቤተ ክርስቲያን የአንተን ሸክም ጥንት ጀምሮ እንደምታውቀው፣ «ምንም አልሆነም» ብላ እንደማታቃልለውና በርም እንደማትዘጋብህ እንድታይ ነው። ወደ ነፍስ አባትህ ሂድና ንስሐ ግባ፤ ያየኸውን ሳትደብቅ ንገራቸው። ሌሊት እንቅልፍ የሚከለክልህ ከሆነ ሐኪምም ዘንድ ሂድ፤ ሕክምናና ጠበል አይጣሉም። ከጓደኞችህ መካከል እናቱ በሕይወት ያለች ካለች ጎብኛት። የልጇን የመጨረሻ ቀናት ሊነግራት የሚችል ሌላ ሰው ላይኖር ይችላል።

«እኔ ፕሮቴስታንት ነኝ፤ እናቴ ኦርቶዶክስ ናት። ለወንድሜ ሙት ዓመት ገንዘብ ላኪ አለችኝ። ለሙታን መጸለይን አላምንበትም። ምን ልመልስላት?» (ከዋሽንግተን)

እኅቴ፣ ልዩነቱ እውነተኛ ስለሆነ የለም ብዬ አልሸፍነውም። ነገር ግን ሁለታችሁም የምታምኑት ትንሣኤ አንድ ነው፤ ጳውሎስ ለተሰሎንቄ ሰዎች ተስፋ እንደሌላቸው እንዳያዝኑ የጻፈው ቃል በሁለታችሁም መጽሐፍ ቅዱስ አለ። እናትሽ የምታበላው ድኻ ነው፤ ድኻን ማብላት የትኛውንም እምነት አይነካም። ገንዘቡን ላኪ፣ በዕለቱም ደውዪላትና አብረሻት አልቅሺ። ክርክሩ ሌላ ቀን ይደርሳል።

«ለባሌ ተዝካር በሬ ለመጣል ከአራጣ አበዳሪ ልበደር ነው።» (ከደብረ ብርሃን)

አይበደሩ። ቄሱ ጸሎቱን ያድርሱ፣ በአቅምዎ ንፍሮና ዳቦ ለነዳያን ይስጡ፤ ተፈጸመ። የሟቹ ልጆች በዕዳ እንዲያድጉ ሟቹም አይፈልግም። እድርተኛው ቢያማም ይማ።

«የወንድሜ ሙት ዓመት ሰሙነ ሕማማት ላይ ዋለ። ቄሱ ፍትሐት አይደረግም አሉን። ይታለፍ?» (ከባሕር ዳር)

አይታለፍም፤ ቀኑ ይዛወራል። ቄሱ ትክክል ናቸው፤ በሕማማት ሳምንት ጸሎተ ፍትሐት አይደረግም። በዚያ ሳምንት ለሚያርፉ ሁሉ አስቀድሞ በሆሳዕና ዕለት ይጸለያል። የእናንተን ከሆሳዕና በፊት ወይም ከትንሣኤ በኋላ አድርጉት። እኔ ብሆን ከትንሣኤ በኋላ ያለውን እመርጥ ነበር፦ ጾሙ ተፈትቷልና የሩቅ ዘመድ ለመምጣት ይመቸዋል፤ «ክርስቶስ ተንሥአ እሙታን» በሚባልበት ሰሞንም የወንድማችሁ ስም ይጠራል። ቀኑን ከቄሱ ጋር አሁኑኑ ቍረጡ፤ ከፋሲካ ቀጥሎ ያሉት እሑዶች ቶሎ ይያዛሉ።