የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፦ ፈረሰኛው መኮንን አንድሬ ዡሴም

ጥያቄ፦ ፈረንሳዊው የፈረሰኛ ጦር መኮንን አንድሬ ዡሴም በ1948 ኦሊምፒክ ወርቅ ያገኘው ስዊድኖች ስለተሰረዙ ነው ይባላል። ጥፋታቸው ምን ነበር?
አንባቢ፣ ከደብረ ብርሃን

መልስ፦ የተባለው እውነት ነው፤ ነገር ግን የቡድኑን ወርቅና የግሉን ብር ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። (ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ዡሴም በተወዳደረበት፣ ድሬሳዥ በሚባለው ውድድር ፈረሱ 60 በ20 ሜትር በሆነ ሜዳ ላይ እርምጃ፣ ሶምሶማና ግልቢያውን በታዘዘው ቅደም ተከተል ያሳያል፤ ዳኞች ለእያንዳንዱ እንቅስቃሴ ከ0 እስከ 10 ይሰጣሉ። በጊዜው ደንብ መወዳደር የሚችለው መኮንን ወይም ሲቪል ነበር፤ ባለሌላ ማዕረግ ወታደር አይፈቀድለትም። ስዊድን 1366 ነጥብ አግኝታ 1269 ያገኘችውን ፈረንሳይን በሰፊው በልጣ ነበር። ከፈረሰኞቿ አንዱ ጌኔል ፔርሶን ግን ሳጅን ነበር። ለውድድሩ ሲባል የመቶ አለቅነት ማዕረግ ተሰጠው፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ተመልሶ ሳጅን ሆነ። ይህ ሲታወቅ የዓለም አቀፉ የፈረስ ስፖርት ፌዴሬሽን በ1949 የስዊድንን ውጤት ሰርዞ ወርቁን ለፈረንሳይ ሰጠ። በእኛ እምነት ጥፋቱ የደንቡ ነበር፤ ፔርሶን በፈረሱ ላይ ያጎደለው ነገር የለም። በ1952 ሄልሲንኪ ላይ ደንቡ ተሽሮ ሴቶችም ጭምር ተወዳደሩ፤ ዴንማርካዊቷ ሊስ ሃርተል ብር ወሰደች፣ ፔርሶን ያለበት የስዊድን ቡድንም ወርቁን አገኘ።

የዡሴም የግል ብር ግን ከዚህ ሁሉ ነፃ ነው። ሃርፓጎን በተባለው ፈረሱ 480 ነጥብ አምጥቶ 492.5 ካገኘው ስዊዘርላንዳዊ ሃንስ ሞዘር ቀጥሎ ወጣ። በ1952ም በዚያው ፈረስ ነሐስ አገኘ፤ የተወለደው በ1894 ነውና ያኔ 58 ዓመቱ ነበር። ከ1932 እስከ 1956 በአምስት ኦሊምፒኮች ተሰልፏል።

ጥያቄ፦ ፈረሴን ትከሻውን ወደ ውስጥ አድርጌ በግድግዳው ጥግ ሳስኬደው አንገቱ ብቻ ይጣመማል። ለምን?
አንባቢ፣ ከአዲስ አበባ

መልስ፦ የውስጡን ዛብ እየጎተቱ ስለሆነ ነው። አንገቱ ሲታጠፍ ክብደቱ በውጭው ትከሻ ያመልጣል፣ የኋላ እግሮቹም ሥራ ይፈታሉ። ልምምዱን ፈረንሳዊው የግልቢያ መምህር ዴ ላ ጌሪኒየር በ18ኛው ክፍለ ዘመን ለፈረንሳይ ግልቢያ ሲያወርስ የፈለገው የውስጡ የኋላ እግር ከሆዱ ሥር ገብቶ ክብደት እንዲሸከም ነበር።

መጀመሪያ በእርምጃ ይሥሩት። ከማዕዘኑ ሲወጡ 10 ሜትር ስፋት ያለው ክብ ያዙሩት። ክቡ አልቆ ሁለተኛውን ሊጀምር የፊት እግሮቹ ከግድግዳው አንድ እርምጃ ሲርቁ፣ በውስጥ እግርዎ ከኮርቻው የሆድ ማሰሪያ አጠገብ ገፋ አድርገው ግድግዳውን ተከትሎ እንዲሄድ ያድርጉት። የውጭው ዛብ ትከሻውን ይይዛል፤ የውጭ እግርዎ ትንሽ ወደ ኋላ ሆኖ ዳሌው እንዳይወጣ ይጠብቃል። ፈረሱ ከግድግዳው ጋር የሚሠራው ማዕዘን 30 ዲግሪ ገደማ ቢሆን ይበቃል፤ ከፊት የሚያይ ሰው ሦስት የእግር መስመር ማየት አለበት። አራት ካየ አብዝተውታል፤ ፈረሱም ይዘገያል።

ጆሮዎቹን ይመልከቱ። አንዱ ከሌላው ዝቅ ካለ ጭንቅላቱ ተዘንብሏልና የውስጡን ዛብ ያላሉ። ከስድስት እስከ ስምንት እርምጃ በደንብ ከሄደ ቀጥ አድርገው ወደ ፊት ይልቀቁት፤ ሶምሶማው በእርምጃ ሲለምደው ይደርሳል።