ቱቦው ይግባ ወይስ ይቅር?

ጥያቄ፦ እናታችን 68 ዓመቷ ነው። የምግብ ቧንቧ ካንሰሯ ወደ ጉበቷ ተሰራጭቷል፤ ሐኪሞቹም ካንሰሩን የሚያቆም ሕክምና እንደሌለ ነግረውናል። አሁን ፈሳሽ መዋጥ እንኳ ከብዷታል። ታላቅ ወንድሜ «ሕይወት የእግዚአብሔር ነው፤ በአፍንጫዋ ቱቦ ይግባ፣ ከባሰባትም ጽኑ ሕሙማን ክፍል ትግባ» ይላል። እኔ ሥቃይዋን ማየት አቅቶኛል። ሞርፊን የሚባል የሕመም ማስታገሻ ቢታዘዝላትም ይገድላታል ብለን አልሰጠናትም። እሷ ካንሰር መሆኑን አታውቅም። ምን እናድርግ?
ከሐዋሳ፣ ታቦር ክፍለ ከተማ

መልስ፦ ከሁሉ በፊት ሞርፊኑ። ክርክሩ ይደር፣ ሕመሙ ግን አይደርባቸው። ዛሬውኑ ሐኪማቸውን አነጋግሩና አስጀምሩ። በልክ የተሰጠ ሞርፊን አይገድልም። ከዚህ በፊት ላልወሰደ አዋቂ በአፍ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው በየ4 ሰዓቱ 5 ሚሊ ግራም ነው፤ ለደካማና ጉበቱ ለተጎዳ ሰው 2.5 ሊሆን ይችላል። ልኩን ሐኪማቸው ይወስናል። ቤተሰብ የሚሳሳተው «ሲያማቸው እንሰጣለን» ሲል ነው፤ ሰዓቱ ካለፈ ሕመሙ ይነሣና ለማብረድ ያስቸግራል። ሽሮፕ ከሆነ በሻይ ማንኪያ አትስፈሩ። በአንድ ሚሊ ሊትር ስንት ሚሊ ግራም እንዳለ ከጠርሙሱ አንብቡና መርፌ በሌለው ሲሪንጅ ለኩ። እንቅልፉና ማቅለሽለሹ በጥቂት ቀናት ይቀንሳል። የሆድ ድርቀቱ ግን አይለቅም፤ ማለስለሻ አብሮ ይታዘዝላቸው። ቢቀሰቀሱ አልነቃ ካሉ ወይም ትንፋሻቸው በደቂቃ ከ8 በታች ከወረደ ቀጣዩን አትስጡ፣ ወዲያው ደውሉ። ሞርፊን የሚታዘዘው በተለየ ማዘዣ ስለሆነ ጠርሙሱ ቅዳሜና እሑድ እንዳያልቅባችሁ ቀደም ብላችሁ አሳድሱ። መዋጥ ጨርሶ ካቃታቸው ከቆዳ ሥር በመርፌ ይሰጣል።

ስለ ቱቦው አንድ ነገር ለዩ፦ እናታችሁ ይርባቸዋል? አሁንም ተነሥተው ይቀመጣሉ፣ ይጫወታሉ? እንዲህ ከሆነ ያስቸገራቸው የቧንቧው መዘጋት ነውና ቱቦ ወይም ቧንቧውን ከፍቶ የሚይዝ ስቴንት ሊጠቅማቸው ይችላል፤ ሐኪሙን በዚህ ቃል ጠይቁ። አብዛኛውን ቀን የሚተኙ፣ ምግብ ሲቀርብ ፊታቸውን የሚያዞሩ ከሆነ ግን ሰውነታቸው ምግቡን መጠቀም እያቆመ ነው። ያን ጊዜ በቱቦ የሚገባው ወደ ሳንባ ሊሻገር ይችላል፤ በግሉኮስ የሚሞላው ፈሳሽም እግር ያሳብጣል፣ ደረት ላይ ያንኮራኩራል። ያልበሉት ስለሚሞቱ ነው እንጂ የሚሞቱት ስላልበሉ አይደለም። የሚያሠቃያቸው የአፍ መድረቅ ነው፤ በየ2 ሰዓቱ ንጹሕ ጨርቅ በውኃ አርሳችሁ ድድና ምላሳቸውን አብሱ፣ ከንፈራቸውን ቫዝሊን ቀቡ።

ወንድምዎ ሕይወት ክቡር ነው ማለታቸው ትክክል ነው፤ እኛም ከዚያ አንወርድም። ሆን ብሎ ሞትን ማምጣት በሕጋችን ወንጀል ነው፤ የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 542 ራስን ለመግደል መርዳትንም ያስቀጣል። የማይጠቅም መሣሪያ አለመግጠም ግን መግደል አይደለም። የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 12ኛ በ1957 እ.ኤ.አ. ለማደንዘዣ ሐኪሞች ሲመልሱ፣ ሰው ከተለመደው የሕክምና መንገድ አልፎ እንዲሄድ ግዴታ የለበትም ብለዋል። ጽኑ ሕሙማን ክፍል ሊድን ለሚችል በሽተኛ ጊዜ ይገዛል። የእናታችሁ ልብ በካንሰሩ ምክንያት ሲቆም ደረት መጫን የጎድን አጥንት ሊሰብር ይችላል፣ ካንሰሩ ግን እዚያው ነው።

ከሁሉ ያሳሰበን እሳቸው አለማወቃቸው ነው። አንዳችሁ ብቻ፣ ሕመሙ በበረደበት ሰዓት፣ አልጋው ጠርዝ ተቀምጣችሁ «እማዬ፣ ስለ ሕመምሽ ሐኪሞቹ ያሉትን ልንገርሽ ወይስ እኛ እንያዘው?» በሏቸው። ብዙ እናቶች ልጆቻቸውን ላለማስጨነቅ ዝም ይላሉ እንጂ ያውቁታል። «ያዙት» ካሉ አትጫኗቸው፤ ግን የት መሆን እንደሚፈልጉና ምን እንደሚያስፈራቸው ጠይቁ። ያሉትን ጻፉና ለወንድምዎ፣ ውጭ አገር ወንድም እኅት ካላችሁም ለእነሱ በዚያው ቀን አሰሙ። በመጨረሻዋ ሌሊት «ሆስፒታል ውሰዷት» ብሎ የሚያዝዘው አብዛኛውን ጊዜ ያልሰማው ነው።

የንስሐ አባት ካላቸው ራሳቸውን በሚያውቁበት ጊዜ ይምጡላቸው። እናታችሁ ምን ያህል መዋጥ እንደሚችሉም አስቀድማችሁ ለንስሐ አባታቸው ንገሯቸው፤ ለቁርባን ማወቅ አለባቸው።