ቡናውን ትቼ ሻይ ልያዝ? የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ እትም ከደረሱን ደብዳቤዎች መካከል ሦስቱ ስለ ቡናና ስለ ሻይ የሚጠይቁ በመሆናቸው አንድ ላይ አቅርበናቸዋል። የጠያቂዎቹን ስም እንደ ልማዳችን አላወጣንም።

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምጽፍልዎ ከደሴ ሲሆን የአምስት ወር ነፍሰ ጡር ነኝ። ለክትትል ጤና ጣቢያ ስሄድ የደም ማነስ እንዳለብኝ ተነግሮኝ የአይረን ኪኒን ተሰጠኝ። አማቴ «ቡና ለጽንስ አይሆንም፣ ሻይ ይሻልሻል» ብለው ስለመከሩኝ ቡናውን እርግፍ አድርጌ ትቼ ቁርስ ላይ፣ ከምሳ በኋላ፣ መክሰስ ላይና ከእራት በኋላ ሻይ እጠጣለሁ፤ በቀን አራት ወይም አምስት ብርጭቆ ይሆናል። ኪኒኑን በባዶ ሆዴ ስወስደው ስለሚያቅለሸልሸኝ የምውጠው በጠዋቱ ሻይ ነው። ጾም ስለምጾምም ሥጋ እምብዛም አልበላም። ሰሞኑን ደሜ ሲለካ ግን ምንም አልጨመረም። ለመሆኑ ሻይ ከቡና ይሻላል የሚባለው እውነት ነው?

መልስ፦ የአማትዎ ምክር ካፌይንን፣ ማለትም በቡናና በሻይ ውስጥ ያለውን የሚያነቃቃ ንጥረ ነገር፣ በሚመለከት መሠረት አለው። ካፌይን የእንግዴ ልጁን አልፎ ወደ ጽንሱ ይደርሳል፤ ጽንሱ ደግሞ ካፌይንን የሚያፈራርስ በቂ ኢንዛይም ገና ስለሌለው በራሱ ሊያስወግደው አይችልም። በጤነኛ አዋቂ ሰው ደም ውስጥ ያለው ካፌይን በግማሽ ለመቀነስ አምስት ሰዓት ገደማ ሲበቃው፣ በእርግዝና የመጨረሻ ወራት ይህ ጊዜ እስከ 15 ሰዓት ሊረዝም ይችላል። ስለዚህ የአውሮፓ የምግብ ደኅንነት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ግምገማ ለጤነኛ አዋቂ በቀን እስከ 400 ሚሊ ግራም ካፌይን አያሰጋም ሲል፣ ለነፍሰ ጡር ሴት መጠኑን ወደ 200 ሚሊ ግራም ዝቅ አድርጎታል። የዓለም ጤና ድርጅትም በቀን ከ300 ሚሊ ግራም በላይ የሚወስዱ ነፍሰ ጡሮች እንዲቀንሱ ይመክራል። በ240 ሚሊ ሊትር ቡና ውስጥ በአማካይ 95 ሚሊ ግራም ያህል ካፌይን ሲኖር፣ በዚያው ልክ በሆነ ጥቁር ሻይ ውስጥ የሚገኘው ግማሹ፣ 47 ሚሊ ግራም ገደማ ነው። ጉዳዩ ይህ ብቻ ቢሆን ኖሮ አማትዎ ትክክል ነበሩ ብዬ መልሴን እዚህ ላይ እቋጨው ነበር።

የእርስዎ ችግር ግን የብረት (ኪኒኑ የሚሰጥዎ አይረን) እጥረት ይመስላል፤ በብረት በኩል ደግሞ ሻይ ከቡና የባሰ ነው። ይህን ሳላለዝብ የምጽፈው፣ ሻይ «ቀላል ነገር» ነው የሚለው እምነት በብዙ ቤት ውስጥ ሥር የሰደደ በመሆኑና ደማቸው ያነሰ እናቶችን ሲጎዳ ስለማይ ነው።

በሻይ ውስጥ የሚገኙት፣ ምላስን የሚያኮማትር ጣዕም የሚሰጡት ታኒን የሚባሉ ንጥረ ነገሮች በአንጀት ውስጥ ብረትን ሲያገኙ አጥብቀው ይይዙትና ወደ ደም ሊገባ በማይችልበት መልክ ከሰውነት ይዘውት ይወጣሉ። ቡናም ተመሳሳይ ጠባይ ያላቸው ንጥረ ነገሮች አሉት፤ ጉልበታቸው ግን ያነሰ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት ሁለቱን ከአንድ ዓይነት ምግብ ጋር አወዳድሮ፣ ከምግቡ ጋር የተጠጣ አንድ ኩባያ ቡና ወደ ደም የሚገባውን ብረት በ39 በመቶ፣ ሻይ ግን በ64 በመቶ እንደሚቀንሰው አሳይቷል። ከዚህም በላይ ለእኛ ትልቅ ትርጉም ያለው የዚያው ጥናት ሌላ ውጤት ነው፤ ቡናው ምግብ ከመቅረቡ አንድ ሰዓት አስቀድሞ ሲጠጣ በብረቱ ላይ ጉዳት አላደረሰም፣ ከምግብ በኋላ አንድ ሰዓት ቆይቶ ሲጠጣ ግን ከምግቡ ጋር የተጠጣ ያህል ጎድቷል። ማዕዱ ሳይነሳ ሻይ የሚቀዳበት፣ ወይም እጅ ከመታጠብ ወደ ረከቦቱ የሚታለፍበት ልማዳችን እንግዲህ ለብረት የማይመቸውን ሰዓት የመረጠ ነው።

ጉዳቱ የሚብሰው ደግሞ ብረታችንን ከእህልና ከጥራጥሬ ስናገኝ ነው። በሥጋ ውስጥ ካለው ብረት ጉልህ ክፍሉ ታኒን በቀላሉ የማይደርስበት ዓይነት ሲሆን፣ በጤፍ፣ በምስርና በሽሮ ውስጥ ያለው ግን ለታኒን የተጋለጠ ነው። ጤፍ በብረት ሀብታም ነው ሲባል እንሰማለን፤ ሆኖም ሰውነት የሚጠቀመው እህሉ የያዘውን ሁሉ ሳይሆን አንጀት ሊመጥ የቻለውን ብቻ ነው። ቡኮው በእርሾ መብላላቱ ብረትን አስሮ የሚይዘውን ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገር ስለሚቀንስ እናቶቻችን ያቆዩልን የእንጀራ አሠራር እጅግ ጠቃሚ ነው። በላዩ ላይ ሻይ ከተጠጣበት ግን አንዱ እጅ የሰጠውን ሌላው እጅ ይወስደዋል።

ስለዚህ ከሁሉ አስቀድመው ኪኒኑን ከሻይ ይለዩት። በባዶ ሆድ የሚያቅለሸልሽዎ ከሆነ ከእራት በኋላ፣ ወደ መኝታ ሲሄዱ፣ በውኃ ወይም ስኳር በሌለው የሎሚ ውኃ ይዋጡት፤ የእራቱ ሻይም ይቅር። ሎሚ ውስጥ ያለው ቫይታሚን ሲ የእህሉን ብረት ለመምጠጥ ስለሚያግዝ ምግብዎ ላይ ሎሚ መጭመቅ፣ ቲማቲም ወይም ጥሬ ቃሪያ መጨመር ይጠቅማል። ቡናም ሆነ ሻይ ከጠጡ በሁለት ምግብ መካከል ይሁን፤ ለምሳሌ ቁርስዎን ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል፣ ምሳዎን 6 ሰዓት ተኩል የሚበሉ ከሆነ ረፋዱ 4 ሰዓት መልካም ጊዜ ነው። በዚያን ሰዓት ከጎረቤት ጋር አንድ ወይም ሁለት ሲኒ ቡና መጠጣት ለእርስዎ አሁን ከምሳ በኋላ ከሚጠጡት ሻይ ያነሰ ጉዳት ያለው ነው፤ ቡና መጠጣትን እንደ በደል ቆጥረው ከጎረቤት ቡና መቅረት የለብዎትም።

የደም ማነስ መንስኤው ሻይ ብቻ እንዳልሆነም አደራ እላለሁ። ወባ፣ የአንጀት ትላትል በተለይም መንጠቆ ትል፣ ተቀራራቢ ወሊድ፣ እነዚህ ሁሉ ደም ያሳንሳሉ። ኪኒኑን በውኃ እየወሰዱ ደምዎ በሚቀጥለው ክትትል ካልጨመረ ሌላ ምክንያት እንዲፈለግልዎ ለአዋላጅዋ ይንገሩ፤ ኪኒኑን በሻይ ሲውጡት መቆየትዎንም አይደብቁ።

ጥያቄ፦ የምኖረው በሜሪላንድ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። የ58 ዓመት ሰው ስሆን ታክሲ እነዳለሁ። በሥራ ቀን ጠዋት በማሽን የሚወጣ ቡና እጠጣለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ባለቤቴ በጀበና ታፈላና ሦስቱንም፣ አቦል ቶና በረካውን እንጠጣለን። በመኪና ውስጥ ደግሞ ሦስት ማንኪያ ስኳር ያለው ሻይ በፔርሙዝ እይዛለሁ። የደም ግፊት መድኃኒት እወስዳለሁ፤ በቅርቡ ደግሞ መጥፎው ኮሌስትሮል ከፍ ማለቱ ተነገረኝ። ቡናውን ልተው ወይስ ሻዩን?

መልስ፦ በመጀመሪያ ስለ ኮሌስትሮሉ። እ.ኤ.አ. በ1983 በሰሜን ኖርዌይ በትሮምሶ ከተማ የተደረገ ጥናት ብዙ ቡና የሚጠጡ ሰዎች ኮሌስትሮላቸው ከፍ ብሎ መገኘቱን ይፋ አደረገ፤ በኋላም ነገሩ የሚበረታው ቡናው ከዱቄቱ ጋር ተፈልቶ ሲጠጣ መሆኑ ታወቀ። በቡና ዘይት ውስጥ ካፌስቶልና ካህዌኦል የሚባሉ ሁለት ንጥረ ነገሮች አሉ፤ ጉበት ኮሌስትሮልን የሚያስተናግድበትን ሥርዓት በማወክ በደም ውስጥ መጥፎውን ኮሌስትሮል ይጨምራሉ። በወረቀት ማጣሪያ የሚያልፍ ቡና ላይ ወረቀቱ ዘይቱን አብዛኛውን ያስቀረዋል። የጀበና ቡና ግን ቢሰክንም፣ በጀበናው አፍ ላይ ጭረት ቢወተፍም፣ የሚቀረው አተላው እንጂ ዘይቱ አይደለም።

ይህን የምለው የጀበናውን ቡና ከቤትዎ ላወጣ አይደለም። በሳምንት ሁለት ቀን የሚጠጣ ቡና በየቀኑ አራትና አምስት ጊዜ ከሚጠጣው ጋር እኩል አይታይም፤ በተጨማሪም በባዕድ አገር ቤተሰብን በሳምንት ሁለት ቀን አንድ ላይ የሚያስቀምጥ ነገር በቀላሉ አይገኝም። የሥራ ቀን ቡናዎ በወረቀት ማጣሪያ የሚያልፍ መሆኑን ያረጋግጡ፤ ከጀበናው ደግሞ ለጊዜው በአቦሉ ይብቃዎ፤ ከሦስት ወር በኋላ ኮሌስትሮልዎን አስለክተው ልዩነቱን ይዩ። ሐኪምዎ መድኃኒት ካዘዙልዎ ግን የቡናው መቀነስ የመድኃኒቱ ምትክ አይሆንም።

ግፊቱን በሚመለከት፣ ካፌይን ለጥቂት ሰዓታት ግፊት ከፍ ያደርጋል፤ ዘወትር የሚጠጣ ሰው ሰውነት ግን በአብዛኛው ይለማመደዋል። እዚህ ላይ የግፊቱ መጠን ወሳኝ ነው። እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመ፣ ከ18 ሺህ በላይ ጃፓናውያንን የተከታተለ ጥናት እንዳሳየው፣ ግፊታቸው 160/100 እና ከዚያ በላይ በሆኑት ሰዎች ዘንድ በቀን ሁለትና ከዚያ በላይ ኩባያ ቡና መጠጣት በልብና በደም ሥር በሽታ ከመሞት አደጋ እጥፍ መሆን ጋር ተያይዞ ተገኝቷል፤ ግፊታቸው ከዚያ በታች በሆኑት ላይ ይህ አልታየም፤ አረንጓዴ ሻይም በየትኛውም የግፊት መጠን እንዲህ ያለ ግንኙነት አላሳየም። ስለዚህ ግፊትዎን ይለኩ፤ ከመለካትዎ በፊት ለ30 ደቂቃ ያህል ቡናም ሻይም አይጠጡ። የላይኛው ቁጥር 160 ከደረሰ በቀን ከአንድ ኩባያ ቡና አይለፉ።

ስለ ሻይዎ ደግሞ የሚያሳስበኝ ቅጠሉ ሳይሆን ስኳሩ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ በምግብና በመጠጥ ላይ የሚጨመር ስኳር በቀን ከሚያስፈልገን ኃይል ከ10 በመቶ በታች እንዲሆን፣ ቢቻል ወደ 5 በመቶ እንዲወርድ ይመክራል፤ ይህ የመጨረሻው በቀን 25 ግራም፣ ማለትም ስድስት የሻይ ማንኪያ ያህል ነው። ሦስት ማንኪያ ያለበትን ሻይ ሁለት ጊዜ ሲጠጡ የቀኑ ድርሻዎ አልቋል። በየሳምንቱ ግማሽ ማንኪያ እየቀነሱ ይሂዱ፤ ቅርንፉድ፣ ቀረፋና ሄል በደንብ ከገቡበት ምላስ ስኳሩን ቶሎ ይረሳዋል።

ጥቅማቸውን ሳልጠቅስ ማለፍም ፍትሐዊ አይሆንም። ቡናን በመጠን የሚጠጡ ሰዎች ሁለተኛው ዓይነት የስኳር በሽታ፣ የጉበት ጠባሳና የፓርኪንሰን በሽታ እምብዛም እንደማይዛቸው በተደጋጋሚ ታይቷል። ሻይን በተመለከተም በብሪታንያ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ሰዎችን የተከታተለ፣ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣ ጥናት፣ በቀን ሁለትና ከዚያ በላይ ኩባያ የሚጠጡት የመሞት አደጋቸው ከማይጠጡት ከ9 እስከ 13 በመቶ አንሶ እንደተገኘ ዘግቧል። እነዚህ ሰዎችን ከሩቅ ሆነው የሚከታተሉ ጥናቶች ስለሆኑ መጠጡ ራሱ ይህን አደረገ ብለው አያረጋግጡም፤ በዚህ ምክንያት የማይጠጣን ሰው ለጤናህ ብለህ ጀምር አልለውም፣ የሚጠጣውንም ያለ ምክንያት ተው አልለውም።

ጥያቄ፦ የምጽፈው ከሐረር ነው። የ70 ዓመት እናቴ ቡና እንቅልፍ ስለሚነሳቸው ትተው ቁጢ መጠጣት ጀምረዋል፤ ከመግሪብ በኋላ ከወተትና ከጨው ጋር እየፈላ ይቀርብላቸዋል። እንቅልፋቸው ግን አልተሻሻለም። ቁጢ ቡና ነው ወይስ ሻይ?

መልስ፦ ቁጢ አፈላሉ የሻይ፣ ተክሉ የቡና ነው። ከደረቀ የቡና ቅጠል የሚዘጋጅ በመሆኑ ካፌይን አለበት፤ መጠኑ ከፍሬው ያነሰ ቢሆንም ሲፈላ ወደ ውኃው ይወጣል። ቅጠሉ ጠቃሚ ንጥረ ነገሮችም አሉት፤ በቡና ፍሬ ውስጥ የሚገኘው ክሎሮጄኒክ አሲድና በማንጎ የሚታወቀው ማንጊፈሪን ሁለቱም በአረቢካ ቡና ቅጠል ውስጥ ይገኛሉ። ሐረር ከጥንት የምታውቀውን ይህን መጠጥ የአውሮፓ ኅብረት በገበያው እንዲሸጥ የፈቀደው ገና እ.ኤ.አ. በ2020 ነው።

የእናትዎ ችግር ግን የሚጠጡበት ሰዓት ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ ጥናት፣ ከመኝታ ስድስት ሰዓት አስቀድሞ የተወሰደ 400 ሚሊ ግራም ካፌይን እንኳ እንቅልፍን ከአንድ ሰዓት በላይ እንዳሳጠረ አሳይቷል። ቁጢ ይህን ያህል ካፌይን አይሰጥም፤ ሆኖም ቡና እንቅልፍ የነሳቸው ሰው አመሻሹ ላይ የሚጠጡት ትንሹም ሊበቃቸው ይችላል። ስለዚህ ቁጢውን ወደ ጠዋት ያዙሩላቸው፤ ከቀኑ 7 ሰዓት በኋላም አይቅረብላቸው። ከመግሪብ በኋላ መጨዋወቱ እንዳይቀር ወተቱን ብቻ በዝንጅብል ወይም በሄል አፍልተው ያቅርቡላቸው፤ ግፊት ካለባቸው ጨው አይጨመር። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2016 ከ65 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ የጋለ ማንኛውም መጠጥ ለጉሮሮ ቧንቧ ካንሰር ሊያጋልጥ እንደሚችል ስላስታወቀ ከእሳት እንደወረደ አይስጧቸው፤ ከተቀዳ በኋላ ጥቂት ደቂቃ ይቆይ። እንዲህ ተደርጎ በሁለት ሳምንት ውስጥ እንቅልፋቸው ካልተመለሰ፣ በሌሊት ሽንት ያስነሣቸው እንደሆነ፣ ትንፋሽ ያጥራቸው ወይም ሕመም ይሰማቸው እንደሆነ ጠይቀው ወደ ሐኪም ይውሰዷቸው።