የጓዳ ጥያቄና መልስ፦ ሳልሳ ይፈጫል እንጂ አይወቀጥም

ባለፈው እትም ሜክሲኮዎች ሳልሳ የሚፈጩበትን፣ ሞልካሄቴ የሚባለውን ባለሦስት እግር የድንጋይ ገበታ በአጭሩ አስተዋውቀን ነበር። ከሰሜን ሸዋ አንባቢዎቻችን ብዙ ጥያቄ ስለደረሰን የዛሬውን ዓምድ በሙሉ ለእሱ ሰጥተነዋል። አስቀድመን ስሙን እናጥራ። እኛ ሱቅ ሄደን «ሳልሳ» ስንል የሚሰጠን በቆርቆሮ የታሸገው የቲማቲም ድልህ ነው። በስፓኒሽ ግን ሳልሳ ማለት ማንኛውም ማባያ ነው። እዚህ የምናወራው ቲማቲም፣ ቃሪያ፣ ነጭ ሽንኩርትና ጨው ድንጋይ ላይ ተፈጭተው ወዲያው ስለሚበሉት ነው።

ጥያቄ፦ «ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» ሲባል ነው የሰማነው። በጁስ መፍጫ በአንድ ደቂቃ የሚያልቀውን በድንጋይ መልፋት ምን ይጨምራል? (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ ጉልቻ ድስቱን ይሸከማል እንጂ ወጡን አይነካውም። ይህ ድንጋይ ግን የሚነካው ምግቡን ራሱን ነው። የጁስ መፍጫ ስለት ይቆራርጣል፤ ድንጋይ ደግሞ ይጨፈልቃል። የቃሪያውና የነጭ ሽንኩርቱ ሽታና ጣዕም ያለው ውስጣቸው ባለው ዘይትና ጭማቂ ስለሆነ፣ ሲጨፈለቅ ወጥቶ ከጨዉ ጋር ይዋሃዳል። ስለቱ በፍጥነት ሲዞር አየር ይመታበታል፤ ቀዩ ቲማቲም ሮዝ መሰል አረፋ የሚሆነው ለዚህ ነው። ትንሽ ሲቆይ አረፋው ከላይ፣ ውኃው ከታች ይቀራል። በድንጋይ የተፈጨው አይለያይም፤ አንዱ ጉርሻ ልስልስ፣ ሌላው ቁርጥራጭ ያለበት ነው፤ የሚወደደውም ለዚሁ ነው።

ልፋቱም የሚያስፈራ አይደለም። መፍጨቱ ራሱ ከ10 ደቂቃ አያልፍም፤ ረዥሙ ጊዜ ጠበሳው ላይ ነው። ድንጋይ የሌለው ሰው በጁስ መፍጫ ሲሠራ ቲማቲሙን አብርዶ፣ ቁልፉን ሦስት አራት ጊዜ ብቻ ነካ ነካ አድርጎ ያቁም። ቀይ ሽንኩርት ግን በፍጹም እዚያ ውስጥ አይግባ፤ ስለቱ ሲያደቅቀው ይመራል።

ጥያቄ፦ እኛ አገር ቲማቲም ሞልቷል። ልኩን ከነአሠራሩ በዝርዝር ጻፉልን። (ከሸዋ ሮቢት)

መልስ፦ ለ4 ሰው የሚበቃው ይህ ነው፦ መካከለኛ የሆኑ 4 የበሰሉ ቲማቲሞች (ግማሽ ኪሎ ገደማ)፣ 2 ቃሪያ፣ ከራሱ የተላቀቀ 2 ፍሬ ነጭ ሽንኩርት ከነልጣጩ፣ ግማሽ የሻይ ማንኪያ ያልደቀቀ ጨው፣ የአንድ ቀይ ሽንኩርት ሩብ፣ ጥቂት የድንብላል ቅጠል፣ ግማሽ ሎሚ። ቲማቲሙ ሞላላው፣ ሮማ የሚባለው ቢሆን ይመረጣል፤ ሥጋው ብዙ፣ ውኃው ጥቂት ነው። ከተክሉ ላይ ቀልቶ የተለቀመ ቲማቲም በቅርብ ማግኘታችሁ ትልቅ ዕድል ነው። ደብረ ብርሃን ያሉ አንባቢዎች ግን ቲማቲሙን ፍሪጅ ውስጥም ሆነ ቀዝቃዛ ጓዳ ውስጥ አያስቀምጡት። ከ10 ዲግሪ በታች ከቆየ መብሰሉን ያቆማል፣ ጣዕሙም ይጠፋል። ከምድጃው ራቅ ብሎ ሙቀት በሚደርሰው መደርደሪያ ላይ ሁለት ሦስት ቀን ይደር።

ጠበሳው ያለ ዘይት ነው። ሜክሲኮዎች ኮማል በሚሉት ጠፍጣፋ ምጣድ ያደርጉታል፤ እኛ ብረት ምጣድ አለን። የእንጀራውን ምጣድ እንዳትነኩት፤ የቲማቲሙ ጭማቂ እያረረ ይጣበቅበትና ምጣዱ እንጀራ ይይዛል። ብረት ምጣዱ በደንብ ከጋለ በኋላ ሁሉንም አንድ ላይ አኑሩ። ቃሪያው በ5 እና በ6 ደቂቃ፣ ነጭ ሽንኩርቱ ከነልጣጩ በ8 ደቂቃ፣ ቲማቲሙ እየተገላበጠ ከ10 እስከ 12 ደቂቃ ይደርሳል። የደረሰውን እያነሳችሁ የቀረውን ተዉት። ቲማቲሙ ጎን ጎኑ ጥቁር ነጠብጣብ አውጥቶ ሲነካ ልል ሲል በቃው። ቃሪያ ሲያር ጭሱ ጉሮሮ ይይዛል፤ በርና መስኮት ይከፈት፣ ሕፃን ልጅ ከአጠገብ አይኑር።

አሁን ወደ ድንጋዩ። መጀመሪያ ጨውና የተላጠው ነጭ ሽንኩርት ብቻ ይገባሉ። ጨዉ እንደ አሸዋ ሆኖ ነጭ ሽንኩርቱን ይይዘዋል፤ ጨው ከሌለ ከመጁ ሥር እየተንሸራተተ ያመልጣል። መጁን በመዳፍ ጨብጦ፣ ክንድ ሳያነሱ፣ በእጅ አንጓ ተጭኖ ማዞር ነው። መጀመሪያ የጨዉ ኩርሽምሽም ይሰማል። ድምፁ ጠፍቶ ድንጋዩ ላይ ነጣ ያለ ልጥፍ ሲቀር፣ ሽታው ወደ አፍንጫ ሲወጣ፣ ያኔ ጉቶው የተነቀለለት ቃሪያ ይግባ። መጀመሪያ አንዱን ብቻ ፍጩ። ቃሪያው ልጥፉ ውስጥ ሲጠፋ ቲማቲሙ አንድ በአንድ ይጨመራል። የተላቀቀውን ጥቁር ቆዳ አንሱለት፤ ጥቂቱ ግን ይቅር፣ የጭስ ጣዕሙ ያለው እሱ ላይ ነው። ቲማቲሙን ወደ ገበታው ግድግዳ አስጠግቶ ቀስ ብሎ መጭመቅ እንጂ ከላይ መምታት የለም። ሳልሳ ይፈጫል እንጂ አይወቀጥም። ከተወቀጠ ጭማቂው ከነቃሪያው ዓይን ውስጥ ይረጫል፣ ድንጋዩም ይሸራረፋል።

በመጨረሻ በደቃቁ የተከተፈው ቀይ ሽንኩርትና የድንብላሉ ቅጠል በማንኪያ ይደባለቃሉ፤ እነዚህ አይፈጩም። ሎሚው ይጨመቅበትና 5 ደቂቃ ያርፍ። ከዚያ ቅመሱት፤ ካላቃጠለ ሁለተኛውን ቃሪያ ዳር ላይ ፈጭቶ መቀላቀል ይቻላል። የተጨመረን ቃሪያ ግን ማውጣት አይቻልም። የሚያቃጥለው ፍሬው ይመስለናል፤ ዋናው ያለው ፍሬው የተያያዘበት ነጩ ጅማት ላይ ነው። እሱ ከወጣ ቃሪያው በጣም ይለዝባል። አፍ ከተቃጠለ ደግሞ ከውኃ ይልቅ ወተት ወይም እርጎ ይሻላል፤ የቃሪያው ማቃጠያ በውኃ አይሟሟም።

ጥያቄ፦ የአያቴ ወፍጮ ከነመጁ ቤታችን አለ። ሙቀጫም አለ። አንዱ ሞልካሄቴውን ይተካልኛል? (ከአንኮበር)

መልስ፦ ወፍጮውን አክብረው ያቆዩት። ሜክሲኮም ወፍጮና መጅ አላት፤ ሜታቴ ይሉታል። እንደኛው ዘንበል ያለ ነው፣ እንደኛው ሴቶች ተንበርክከው ይፈጩበታል፣ ለቶርቲያ ቂጣ የሚሆነው በቆሎና ካካዎ ይለቀበታል። ለሳልሳ ግን አንድ ችግር አለው፤ ጠፍጣፋ ስለሆነ የቲማቲሙ ጭማቂ ወደ ታች ይወርዳል። መፍትሔው ሥራውን መክፈል ነው። ጨው፣ ነጭ ሽንኩርትና ቃሪያ ወፍጮው ላይ ይለቁ፤ ከዚያ ጎድጓዳ ሳሕን ውስጥ ይጠረጉና ቲማቲሙ እዚያው በሹካ ይፍረስ። እህል የሚፈጭበት ወፍጮ ከሆነ ከሥራ በኋላ በሙቅ ውኃ ታጥቦ ፀሐይ ላይ በደንብ ይድረቅ፤ እርጥበት ከቀረበት ይሻግታል። አዲስ የተወቀረ ከሆነ ደግሞ መጀመሪያ ጥቂት ርካሽ እህል ይፈጭበትና ይደፋ፤ አሸዋ ይጥላል።

ሙቀጫውን ይተዉት። እንጨት ስለሆነ ቃሪያና ነጭ ሽንኩርት ይመጥጣል፤ በማግሥቱ የሚወቀጠው ቡናም ሆነ ቅመም ያንን ይሸታል።

ወፍጮው ካለ አንድ ሌላ ነገር ይሞክሩበት፤ የደረቅ ቃሪያ ሳልሳ። 4 ዛላ በርበሬ ፍሬው ተራግፎ በጋለ ምጣድ በእያንዳንዱ ጎን ከ20 እስከ 30 ሰከንድ ብቻ ይነካ። ከዚያ ካለፈ ያራል፣ ያረ በርበሬ ደግሞ በምንም አይታረም። በሙቅ ውኃ 20 ደቂቃ ይዘፍዘፍና ከጨውና ከነጭ ሽንኩርት ጋር ተፈጭቶ ከ2 የተጠበሰ ቲማቲም ጋር ይቀላቀል። የተዘጋጀውን የወጥ በርበሬ አይጠቀሙ፤ ኮረሪማውና ሌላው ቅመም ስላለበት የሚወጣው አዋዜ ነው። አዋዜ መልካም ነገር ነው፤ ይህ ግን ሌላ ነው።

ጥያቄ፦ እዚህ ወፍጮ የሚወቅር ባለሙያ አለ። ከአካባቢው ድንጋይ ሞልካሄቴ ማስጠረብ ይቻላል? (ከመሐል ሜዳ)

መልስ፦ ይቻላል፤ ጥያቄው እንዲያውም ደስ ብሎናል። ሞልካሄቴ የሚጠረበው ከእሳተ ገሞራ ከወጣ ጥቁር ድንጋይ፣ ከባዛልት ነው። የመንዝ አምባም በአብዛኛው ባዛልት ነው። የሚፈለገው ጥቃቅን ቀዳዳ ያለበት ዓይነት ነው። ቀዳዳዎቹ ጠርዛቸው እንደ ሞረድ ይሠራል፤ ድንጋዩ ቢያልቅም ከሥር ሌላ ቀዳዳ ስለሚወጣ ቶሎ አይለሰልስም። ፍጹም ድፍን የሆነው ባዛልትም ይሆናል፤ ግን እንደ ወፍጮ አልፎ አልፎ መወቀር አለበት።

የማይሆኑት ሁለት ናቸው። የአሸዋ ድንጋይ ዕድሜውን ሙሉ አሸዋ ይጥላል። በጀማ ሸለቆ በኩል የሚገኘው የኖራ ድንጋይ ደግሞ ሎሚና ቲማቲም ይበላዋል። ለማወቅ ድንጋዩን ጫር አድርጎ ሎሚ ወይም አቼቶ ማንጠብጠብ ነው፤ አረፋ ካወጣ ኖራ ነው፣ ይቅር።

ለባለሙያው የሚሰጥ ልክ፦ አፉ ከዳር እስከ ዳር 20 ሳንቲ ሜትር፣ ጥልቀቱ 8፣ የግድግዳው ውፍረት 3 ገደማ። ውስጡ ማዕዘን አይኑረው፤ ሥሩ እንደ ጣባ ይክበብ። እግሮቹ ሦስት፣ ከዚያው ከአንዱ ድንጋይ የተፈለፈሉ ይሁኑ። ሦስት የሆነው እንደ ጉልቻው ነው፤ ወጣ ገባ መሬት ላይ ሳይነቃነቅ ይቆማል። መጁ፣ እነሱ ቴሆሎቴ የሚሉት፣ ከዚያው ዓይነት ድንጋይ፣ መዳፍ የሚሞላ፣ አናቱ ጠበብ ሥሩ ሰፋ ያለ ይሁን። መጁ ለስላሳ የወንዝ ድንጋይ ከሆነ ምንም ያህል ቢደከም ነጭ ሽንኩርቱ አይልቅም።

ጥያቄ፦ ከውጭ አገር አዲስ ሞልካሄቴ ተላከልኝ። የፈጨሁበት ሁሉ ግራጫ ይሆናል፤ ጥርስ ላይም ይንቀጫቀጫል። (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ አልተሟሸም። እንደ አዲስ ምጣድና ጀበና ይህም ማሟሻ አለው። በጠንካራ ብሩሽና በውኃ ብቻ ታጥቦ ይድረቅ። ከዚያ ሩብ የቡና ስኒ ጥሬ ሩዝ ይጨመርና ዱቄት እስኪሆን፣ ግድግዳው ሁሉ እየተነካ ይፈጭ። መጀመሪያ የሚወጣው ዱቄት ግራጫ ነው፤ ይደፋል፣ ድንጋዩ ይታጠባል፣ አዲስ ሩዝ ይገባል። ዱቄቱ ነጭ ሆኖ እስኪወጣ አራት፣ አምስት ጊዜ፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ይደጋገማል። የመጨረሻው 4 ፍሬ ነጭ ሽንኩርት፣ አንድ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ከሙንና ቁንዶ በርበሬ አንድ ላይ ፈጭቶ ውስጡን መቀባት ነው። ያድርና ይታጠብ። ክንድ ስለሚያደክም በሁለት ቀን ከፍሎ መሥራት ነውር የለውም።

ከአሥር ጊዜ በኋላም ግራጫው ካልቆመ፣ በሚስማር ሲጫር አቧራ የሚዘንብ ከሆነ፣ ምናልባት ከሲሚንቶ የተቀረጸ ሊሆን ይችላል። ባዛልት የሚመስል ሲሚንቶ ገበያ ላይ አለ። እሱ የጓዳ ጌጥ ይሁን እንጂ ምግብ አይፈጭበት። እውነተኛውን ደግሞ በሳሙና አይጠቡት፤ ቀዳዳው ሳሙናውን ይይዝና የሚቀጥለው ሳልሳ ውስጥ ይመልሰዋል።

ጥያቄ፦ ሁለት ጊዜ ሞክሬ አንዱ ውኃ ሆነ፣ ሌላው መረረ። ቀቅዬ ብሠራውስ? (ከደብረ ሲና)

መልስ፦ ውኃ የሆነው እሳቱ ስለለዘበ ነው። ቲማቲሙ ከመጠበስ ይልቅ በራሱ ውኃ ተቀቀለ። ምጣዱ ይጋል፣ ቲማቲሞቹም እርስ በርስ አይተጣበቁ። የመረረው ከነጭ ሽንኩርቱ ይሆናል፤ ተልጦ ከተጠበሰ ላዩ ያራል።

የተቀቀለም ሳልሳ አለ፤ ሜክሲኮም ይሠራል። ጭስ የለውም፣ ለስለስ ይላል። ቆዳው እስኪሰነጠቅ ቆላ 10 ደቂቃ ይበቃል። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ውኃ የሚፈላው በ90 ዲግሪ አካባቢ ነው፤ እዚያ ወደ 15 ደቂቃ ይጠጋል። የተቀቀለበት ውኃ ይደፋ።

ጥያቄ፦ ከኢንተርኔት ያገኘሁት አሠራር «ሩብ ነጭ ሽንኩርት» ይላል። አደረግሁት፤ ሊበላ አልቻለም። (ከዓለም ከተማ)

መልስ፦ ስህተቱ የትርጉሙ ነው። ሜክሲኮዎች ለሳልሳ የሚመርጡት ቅርፊቱ ነጭ የሆነ ተራ ሽንኩርት ነው። ቃል በቃል ሲመለስ «ነጭ ሽንኩርት» ሆኖ ይወጣል፤ የእኛ ነጭ ሽንኩርት ግን ሌላ ነው። እንዲህ ሲያጋጥም በቀይ ሽንኩርት ይተኩት። ከተከተፈ በኋላ በቀዝቃዛ ውኃ ለቅለቅ ቢደረግ ከነጩ ጋር ይቀራረባል። አረንጓዴ ሳልሳ ላይ «አረንጓዴ ቲማቲም» የሚለውም እንዲሁ ያሳስታል፤ ቶማቲዮ የሚባል፣ እንደ ወረቀት ባለ ልባስ የተሸፈነ ሌላ ፍሬ ነው እንጂ ያልበሰለ ቲማቲም አይደለም።

ጥያቄ፦ ለጾም ይሆናል? ከእንጀራስ ጋር ይሄዳል? ስንት ቀን ይቆያል? (ከሞላሌ)

መልስ፦ ዘይት እንኳ የለበትም፤ ለጾም ይሆናል። ከእንጀራ ጋር ሲቀርብ ሎሚው በግማሽ ይቀነስ፤ የእንጀራው ኮምጣጣነት ራሱ ይበቃል። ከዚያ ይልቅ ከገብስ ቂጣና ከተቀቀለ ድንች ጋር ይስማማል፤ በፍስክ ደግሞ ከጥብስ ጋር።

የተሠራ ዕለት ቢበላ ይመረጣል። ፍሪጅ ካለ በብርጭቆ ዕቃ ተከድኖ 3 ቀን ይቆያል፤ ከሌለ አይደር። ድንጋዩ ውስጥ ግን ለአንድ ሌሊትም አይተው፤ ጭማቂው ቀዳዳው ውስጥ ይገባና ይኮመጥጣል። እንግዳ ሲነሳ ወዲያው በሙቅ ውኃና በብሩሽ ይታጠብ፣ ተገልብጦም ሳይሆን አፉ ወደ ፀሐይ ሆኖ ይድረቅ።